ለአይሪሽ ስኮን የሚሆን አሬራና ለጋ ቅቤ ደብረ ብርሃን ላይ፦ ጠባሴ ያለችው ወተት ቤት

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ የአየርላንዶቹን የቁርስ ስኮን (ያለ እርሾ በሶዳ የሚነሳ ትንሽ ዳቦ) ቤታችሁ መጋገር ካማራችሁ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ምንም ማስመጣት አያስፈልግም፣ ጠባሴ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው ትንሽ ወተት ቤት በቂ ናት። ወተት፣ እርጎ፣ ለጋ ቅቤና አይብ ይሸጣል፣ አሬራው ግን ካልጠየቃችሁ አይወጣም፣ ገዢ ስለሌለው ወዲያው ተጥዶ አይብ ይሆናል።

እኔ እዚች ቤት የምመላለሰው ለአሬራው ነው። ድሮ የአየርላንድ ገበሬ ቤት ውስጥም ስኮንና ዳቦ የሚቦካው ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ጎምዛዛ ነገር ነበር፣ እርሾ የለውም። የአገራቸው ስንዴ ለስላሳ ስለሆነ በእርሾ ብዙም አይነሳላቸውም፣ ቤኪንግ ሶዳ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ሲገባላቸው ግን የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ያወጣና ሊጡን ያነሳዋል። የዚህች ቤት አሬራ ደህና አድርጎ የጎመዘዘና ወፈር ያለ ነው፣ ዱቄቱ ላይ ስታፈሱት ወዲያው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ ሲል ታዩታላችሁ። ሌላ ቦታ አሬራ ብለው የሰጡኝ አይብ የወጣለት አጓት ነበር፣ ቀጭን ውሃ ነው፣ ያንን የሚመስል አሬራ ከሰጧችሁ አትግዙ።

ቅቤውም ለጋ ነው፣ አልበሰለም፣ ሽታው አያስቸግርም፣ ከዕቃው ትንሽ የወይራ ጭስ ይዟል ግን ስኮኑ ላይ እኔ በጣም ነው የወደድኩት። ስኮን ቀዝቃዛና ጠንካራ ቅቤ ነው የሚፈልገው፣ እዚህ ደግሞ በውርጩ ወራት ማታ ፌስታል ውስጥ መስኮት ጋ ብታስቀምጡት ጠዋት በቢላ የሚከተፍ ይሆናል፣ ፍሪጅ ምን ያደርጋል።

አሰራሩ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ አሬራ 350 ሚሊ ገደማ። ሶዳው ላይ ነው የእኛ ከተማ የሚለየው፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ጋዙ ከሚገባው በላይ ይነፋና ስኮኑ ተነስቶ መልሶ ይወድቃል፣ ስለዚህ የስኮን አሰራር አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከሚለው እናንተ ሩብ ያህሉን ቀንሱ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሊጡ ከደረቀባችሁ አሬራ ጠብ አድርጉበት። ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ፈርፍሩት፣ አሬራውን ጨምሩና እንደተያያዘ ተዉት፣ እንደ ድፎ ሊጥ እያሻችሁ ካደከማችሁት ድንጋይ ነው የሚሆነው። ሁለት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ በብርጭቆ አፍ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ብርጭቆውን አታዙሩት ጎኑ ይታተምና አይነሳም። ሶዳው አንዴ አረፋ ከጀመረ ስለማይጠብቅ ኦቨኑ ቀድሞ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መጋል አለበት፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ።

መብራት ከሄደ ደግሞ አትበሳጩ፣ አይሪሾቹም ድሮ ኦቨን አልነበራቸውም፣ ክዳኑ ላይ ፍም የሚደረግበት የብረት ድስት ነበር የሚጠቀሙት፣ እኛም ድፎ ከላይና ከታች እሳት አድርገን ስንጋግር የኖርን ሰዎች ነን።

የማልወደው አንድ ነገር አሬራው ቶሎ ማለቁ ነው፣ ከረፋድ በኋላ ብትሄዱ ተጥዷል። በጾም ወራትማ ቤቷ ቀዝቀዝ ስለምትል አትልፉ፣ ስኮኑም ቢሆን የፍስክ ምግብ ነው። እኔ ቀድሜ ነው የምነግራቸው፣ «እትዬ፣ ነገ አሬራ ሳይጣድ ይቀመጥልኝ» ስላቸው «እሺ የኔ ልጅ፣ በጠዋት ነይ ብቻ» ይሉኛል፣ ያሉትንም ያስቀምጣሉ። የቅቤው ዋጋ ከታሸገ ቅቤ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው። ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛ መያዣ የለም፣ እና የጋገራችሁትን በዛው ቀን በትኩሱ በማርማላታ ብሉት፣ ካደረ ይደርቃል።