የዲስክ ጎልፍ መለማመጃ በጎንደር ብየዳ ቤት፦ ገንዘቡ ሰንሰለቱ ላይ ይዋል

ዲስክ ጎልፍ ዲስኩን በእጅ እየወረወሩ በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቅርጫት ቢፈታ የሚወጣው ምሰሶ፣ ቀለበት፣ ሰንሰለትና መቀበያ ነው። ይህን የሚገጣጥም በያጅ አራዳ አካባቢ አይጠፋም። ሥራውን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው የብየዳው ውበት ሳይሆን የሰንሰለቱ ብዛትና ክብደት ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚቆጥበው እዚያው ላይ ነው።

ለላይኛው ቀለበት ከአሮጌ ባለ 26 ብስክሌት ቸርኬ የተሻለ ነገር የለም። ስፋቱ 57 ሳ.ሜ. ያህል ነው፣ 36ቱ የሽቦ ቀዳዳዎችም እኩል ተራርቀው ተበስተዋል። በየሦስተኛው ቀዳዳ አንድ ሲንጠለጠል 12 ሰንሰለት ይሆናል። ቸርኬውን ከመግዛትዎ በፊት ማግኔት ያስጠጉበት። ካልያዘው አሉሚኒየም ስለሆነ በተራ የብየዳ ዘንግ አይበየድም፤ ቸርኬውን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዙትን አራት ክንዶች በቡሎን ማሰር ግድ ይላል።

አንድ ዙር ሰንሰለት ብቻውን አይበቃም። መሃል ለመሃል የገባ ዲስክ ሰንሰለቶቹን ከፍቶ ምሰሶውን ይመታና ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከክንዶቹ ሥር 28 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የፌሮ ቀለበት ይበየድና ስድስት ተጨማሪ ሰንሰለት ይንጠልጠልበት። የውጪዎቹ እያንዳንዳቸው 68፣ የውስጦቹ 62 ሳ.ሜ. ይሁኑ፤ በጠቅላላው 12 ሜትር ተኩል ይገዛል። የሽቦው ውፍረት 4 ሚ.ሜ.፣ ዚንክ የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል፤ ያልተለበጠው አንድ ክረምት ሳይጨርስ ይዝጋል። ከዚህ የቀጠነው ርካሽ ነው፣ ድምፁም ደስ ይላል፣ ዲስክ ግን አያስቆምም። የሰንሰለቶቹ የታችኛው ጫፍ በምሰሶው ዙሪያ እንደ ልቡ በሚንቀሳቀስ ቀለበት ይሰብሰብ። በያጁ «ላጥብቀው» ብሎ ከምሰሶው ጋር ከበየደው ሰንሰለቱ ይወጠርና ዲስኩን ይተፋዋል።

የመቀበያው ከንፈር ከመሬት 82 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ስድስት ሳ.ሜ. ቢበልጥ ወይም ቢያንስ የውድድር ደንቡ ይፈቅዳል። ቸርኬው ከዚያ በላይ 55 ሳ.ሜ. ላይ ይቀመጥ። መቀበያውን በ10 ሚ.ሜ. ፌሮ ማሠራት ይሻላል፤ ስፋቱ 65፣ ጥልቀቱ 20 ሳ.ሜ.። የ200 ሊትር በርሜል ቂጥ ቆርጦ መጠቀም ይቀላል፣ ግን ስፋቱ ከቸርኬው ጋር እኩል ስለሆነ ከሰንሰለቱ ተንሸራቶ የሚወርደው ዲስክ ውጭ ይወድቃል። ካልተበሳም ሐምሌ ላይ ኩሬ ነው።

ለመሠረቱ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ኮንክሪት ይሞላል፤ 10 ኪሎ ሲሚንቶ፣ በመጠኑ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ይበቃል። ምሰሶውን አዘንብሎ ጎማውን እያንከባለሉ ማዛወርም ይቻላል።

ጎንደር ተዳፋት በመሆኗ የሳተ ዲስክ በጠርዙ ቆሞ ታች ሰፈር ድረስ ይንከባለላል፤ ከቅርጫቱ ጀርባ መረብ ያስፈልጋል። የኳስ ግብ መረብ ብዙዎች ይመርጡታል፣ ግን አይሆንም። ዓይኑ 12 ሳ.ሜ. የሆነ መረብ ሲለጠጥ እስከ 24 ሳ.ሜ. ይከፈታል፣ 21 ሳ.ሜ. የሚሰፋው ዲስክ ደግሞ በጠርዙ እየቀደመ ይሾልካል። የመረብ ኳስ መረብ ዓይን 10 ሳ.ሜ. ስለሆነ ለጥቂት ይይዘዋል። ከሁለቱም የሚሻለው ቅዳሜ ገበያ የሚገኘው ያገለገለ ወፍራም ሸራ ነው፤ ላልቶ ይሰቀል እንጂ አይወጠር፣ ከተወጠረ ዲስኩን ወደ ወርዋሪው ይመልሰዋል።

ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚያወጣው መሣሪያ ግን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። መሬት ላይ በውርወራው መስመር ሦስት ሜትር ተራርቀው ሁለት ካስማዎች ይተከላሉ፤ ስልኩ ከመስመሩ ስድስት ሜትር ርቆ ከጎን ይቆማል፣ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው የዝግታ ቀረጻ ይቀረጻል። ዲስኩ ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው እስኪደርስ ያለፉትን ምስሎች ይቁጠሩ። 30 ከሆኑ 0.125 ሰከንድ ማለት ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ሜትር፣ በሰዓት 86 ኪ.ሜ. ይሆናል። አንድ ምስል ቢሳሳቱ ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ስህተት ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ዲስኩ ከካስማዎቹ መስመር አንድ ሜትር ወደ ስልኩ ተጠግቶ ካለፈ ፍጥነቱ 20 ሆኖ ሳለ 24 ተብሎ ይነበባል። በራስዎ ከመኩራትዎ በፊት ዲስኩ በካስማዎቹ አናት ላይ ማለፉን ከወርዋሪው ጀርባ የሚቆም ሰው ያረጋግጥልዎ።

ርቀትን ለክቶ መርካት እዚህ ከተማ ያሳስታል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ዲስኩን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፤ በቀኝ እጅ በጀርባ ውርወራ (ክንድን በደረት በኩል አጥፎ ወደ ውጪ በመዘርጋት) የተለቀቀው ወደ ቀኝ ሳይታጠፍ ቀድሞ ወደ ግራ ይወድቃል። ያ የክንድ ድክመት ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የፍጥነት ቁጥሩን ይመልከቱ፣ እሱ ደህና ከሆነ ወደ ቀኝ በቀላሉ የሚታጠፍ ዲስክ ይሞክሩ።

ቅርጫቱን ሲረከቡ በባልዲ ክዳን አይፈትኑት። ክዳን ቀላል ነው፣ የሳሳ ሰንሰለትም ያስቆመዋል። 170 ግራም አካባቢ የሚመዝን እውነተኛ ዲስክ ይዘው ይሂዱ፣ ከአምስት ሜትር በኃይል ይወርውሩ፤ ዲስኩ ተመልሶ ከወጣ ቀሪውን ክፍያ ሳይፈጽሙ የታችኛውን ቀለበት ያስፈትሹ።