ለድሮ ድራማ የቱ ይሻላል? ወፍራሙ ቴሌቪዥን ወይስ ፍላቱ?

እሁድ ከሰዓት ቡናው ተፈልቶ፣ ቆሎው ቀርቦ የአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ወይም የድሮ ድራማ ሲከፈት እናቴ ፊቷ ይበራል። ለዚህች ሰዓት ስል ሁለት ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሰነበትኩ። አንዱ ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮው 21 ኢንች ነው። ሌላው 32 ኢንች ፍላት ነው።

ትልቁ ልዩነት የምስሉ ቅርፅ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለብዙ ዓመታት የተቀረፀው ሁሉ ወርዱ ከቁመቱ ጋር 4 ለ 3 ለሆነ መስታወት ነው። ፍላቱ ግን 16 ለ 9 ነው። ዝም ብላችሁ ከከፈታችሁት ብዙ ጊዜ ምስሉን ይለጥጠዋል፤ ቀጭኑ ተዋናይ ወፍራም ይሆናል። ሴቲንግ ገብታችሁ 4 ለ 3 አድርጉት። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ፊቱ ግን ወደ ራሱ ይመለሳል። ያኔም ቢሆን 32 ኢንቹ ላይ የሚቀረው ምስል 26 ኢንች ያህል ነው። ከ21ዱ ይበልጣል ማለት ነው።

በጥራት ግን ለኔ ወፍራሙ ያሸንፋል። የድሮ ቀረፃ እዚያ ላይ ለስላሳ ነው፣ ሩጫና ጭፈራም አይደበዝዝም። ፍላቱ ጉድለቱን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ሻርፕነሱን ዝቅ ስታደርጉትና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ ስታጠፉት በጣም ይሻሻላል።

በመብራት ፍጆታና በክብደት ፍላቱን የሚያህለው የለም። ወፍራሙን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ቤታችሁ የቪዲዮ ካሴት ካለስ? የሠርግ፣ የክርስትና፣ የተቀዳ ድራማ? እዚህ ላይ ወፍራሙ ቀላል ነው። የምስሉን ቢጫ ገመድ ከነድምፁ ገመድ ከዴኩ (ከካሴት ማጫወቻው) ሰክቶ ማየት ብቻ ነው። አዲስ ፍላት ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ ቢጫ መሰኪያ እንዳለው እዩ፤ ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የሚባለው አዲሱ መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው፣ መቀየሪያ ትገዛላችሁ። ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምስል አቀራረፅ ስልታቸው ይለያል፤ የነሱ ኤንቲኤስሲ፣ የኛ ፓል ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልጋል።

ድራማውን ከዩቲዩብ ወይም ከፍላሽ ለምታዩ ግን ሳላመነታ ፍላቱን ግዙ እላለሁ። ካሴትና የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ደግሞ ወፍራሙን ይፈልግ፣ ያለውንም አይጣል።

መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ወፍራም ቴሌቪዥን ስትገዙ አትቸኩሉ። አስከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሲሞቅ ምስሉ ከጠበበ ወይም ከተንቀጠቀጠ ተዉት። ጥጉ ላይ የቀለም እድፍ ካያችሁ አጠገቡ ስፒከር እንዳለ እዩ፤ ማግኔቱ ሊሆን ይችላል። እቤት ከገባ በኋላ ቢበላሽ ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። ከመብራት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለጠጋኝ ስጡት።

ካሴቶቹን ደግሞ ዴኩ ሳይሞት ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። እኛ የወላጆቼን ሠርግ አስገልብጠን አሁን በሁለቱም ላይ እናየዋለን። እናቴ ግን ወፍራሙ ፊት ነው የምትቀመጠው።