የመልክዓ ምድር ሥዕል ስንት ያወጣል? ገዢ ጎን ለጎን ሊመዝናቸው የሚገቡ ነገሮች

ሁለት ሥዕሎች ያንኑ የሰሜን ተራሮች ገደል፣ ያንኑ ጭጋግ፣ ያንኑ የጭላዳ መንጋ ይዘው የአንዱ ዋጋ የሌላው አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ተራራው አይደለም። ማን ሣለው፣ በምን ቀለምና በምን ላይ ሣለው፣ ምን ማስረጃ አለው፣ ሥዕሉስ ምን ያህል ጤነኛ ነው? ዋጋ ከእነዚህ ይወጣል። ከሁሉም በፊት ግን ገዢው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የምገዛው ለግድግዳ ጌጥ ነው ወይስ ነገ ልሸጠው የምችል ንብረት? ሁለቱም ጥሩ ግዢ ናቸው። ኪሳራው የሚመጣው ለጌጥ የንብረት ዋጋ ሲከፈል ነው።

ኅትመት ወይስ የእጅ ሥራ?

በሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ከሩቅ ሲያዩት የእጅ ሥራ ይመስላል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ይዘው ፈዘዝ ያለውን የሰማይ ክፍል ይመልከቱ፤ ኅትመት ከሆነ ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበተናል። በእጅ በተሣለው ላይ ግን ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ፣ የብሩሽ ጸጉር ጥሎት የሄደውን መስመር ያያሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ዓይነት ነው፤ በኅትመት ላይ ግልጽ ጄል በብሩሽ ተቀብቶበት በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው። የስልክዎን መብራት ከሸራው ጎን አስጠግተው ያብሩ። ሻካራው መስመር የተራራውን ጠርዝ ወይም የዛፉን ቅርንጫፍ ካልተከተለና ሥዕሉን አቋርጦ በዘፈቀደ ከሄደ፣ ጄሉ የተቀባው ከታተመ በኋላ ነው።

ኅትመት ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ሠዓሊው ፈርሞበት «12/50» የሚል ቁጥር ካለው፣ ከ50 ቅጂዎች 12ኛው ነው ማለት ስለሆነ ለሰብሳቢ ይፈለጋል። ቁጥር የሌለው ኅትመት ግን የሚከፈልበት በወረቀቱና በፍሬሙ ልክ ብቻ ነው።

የስጦታ ዕቃ ሱቅ ወይስ ራሱ ያየውን የሣለ ሠዓሊ?

በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚሸጡ ብዙ የጎጆና የገደል ሥዕሎች በእውነት በእጅ የተሣሉ ናቸው። ነገር ግን ያው ቅንብር ደጋግሞ ይሣላል። በእጅ መሣሉ አንድያ አያደርገውምና «ሌላ እንዲህ ዓይነት አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ከጓዳ ተመሳሳዩን ካወጣ፣ ዋጋው የጌጥ ዋጋ ነው።

የሠዓሊውን ዓይን መመዘን ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠው ሥራ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። የሩቁ ተራራ ከቅርቡ ይልቅ ፈዘዝና ወደ ሰማያዊ ዘንበል ማለት አለበት፤ ቅርቡም ሩቁም እኩል ከደመቁ ሥዕሉ ጥልቀት የለውም። የጎጆው ጥላ ወደ ግራ፣ የዛፉ ወደ ቀኝ ከወደቀ ሁለት ፀሐይ አለ ማለት ነው። ሐይቅ ካለ፣ የዛፉ ነጸብራቅ ከዛፉ ቀጥታ በታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም። አረንጓዴውንም ይመልከቱ፦ ከቱቦ እንደወጣ የተቀባ አረንጓዴ ሜዳውን ሁሉ አንድ ምንጣፍ ያደርገዋል፤ ጎበዝ ሠዓሊ በቢጫ፣ በቡናማና በሰማያዊ ይሰብረዋል።

ወቅቱም ይመሰክራል። አደይ አበባ የመስከረም ናት፤ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሁለቱ በአንድ ማሳ ከተገናኙ ሠዓሊው መስኩን ሳይሆን ፖስትካርድ እያየ ሠርቷል።

ለአሮጌ ሥራ ከፍተኛ ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ መልክዓ ምድሩ ራሱ ቀን ይነግራል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ እንጦጦን በባሕር ዛፍ ሸፍኖ የሚያሳይ ሥዕል ከዚያ ዘመን ሊቀድም አይችልም። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ላይ ያለው ትልቁ መጠለያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እሱ የሚታይበት ሥዕል «የ1960ዎቹ ነው» ቢባል አይመኑ።

ዘይት ወይስ አክሪሊክ?

ገበያው ብዙውን ጊዜ ለዘይት ቀለም የበለጠ ይከፍላል። በእኛ ግምት ግን በደንብ የተሠራ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ነክ ቀለም) በችኮላ ከተሠራ ዘይት ይበልጣል። ዘይት ስስ ሆኖ ከተቀባ በቀናት ውስጥ ለመንካት ይደርቃል፤ ድልቡ ቀለም ግን ወራት ይፈልጋል፤ በዚህም ምክንያት የመጨረሻው ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ ግልጽ ቅብ) በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት ተሥሎ ዛሬ የሚያብለጨልጭ የዘይት ሥዕል ከቀረበልዎ ይጠንቀቁ፤ ሥሩ ሳይደርቅ የተለበጠ ቀለም ኋላ ይሰነጠቃል። በተርፔንታይን የቀጠነ ቀለም ዘይት በበዛበት ላይ ሲደረብም እንደዚሁ ይሰነጠቃል፤ የላዩ ቶሎ ደርቆ ሥሩ ገና ይንቀሳቀሳልና።

ሸራውን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ቡናማ የዘይት እድፍ ወደ ጀርባ ከዘለቀ፣ ነጩ የመሠረት ቅብ በቂ አልነበረም። ዘይቱ ክሩን ከዓመታት በኋላ ያደርቀውና ያበሰብሰዋል። ይህ ጉድለት ከፊት አይታይም፤ ጥገናውም ውድ ነው።

አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ቢጫም አይሆንም። ድክመቱ ሙቀት ነው፤ ይለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ፊቱ ላይ የተጫነ ፕላስቲክ ይጣበቅበታል። ለዱባይ ወይም ለሪያድ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ያስብ።

ትልቁ ወይስ ትንሹ?

ብዙ ሠዓሊዎች ዋጋ የሚያወጡት በስፋት ነው። ለምሳሌ 50 በ70 ሴ.ሜ. ሥዕሉን በ20,000 ብር የሚሸጥ ሠዓሊ አለ እንበል። ስፋቱ 3,500 ካሬ ሴ.ሜ. ነው። 100 በ140 የሆነው 14,000 ካሬ ሴ.ሜ. ስለሆነ በዚህ ስሌት 80,000 ብር ይመጣል። ቁመትና ወርድን ደምረው ካሰሉ ግን 120 ሴ.ሜ. 20,000 ብር ካወጣ፣ 240 ሴ.ሜ. 40,000 ብር ነው። ለትልቁ ሥዕል ሚዛናዊ ዋጋ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ በ80,000 ከተጠየቁ ለድርድር መነሻ አለዎት። ስሌቱ የሚሠራው ግን በአንድ ሠዓሊ ሥራዎች መካከል ብቻ ነው፤ የፍሬሙንም ዋጋ አስቀድመው ይቀንሱ።

በአንድ ዓይነት በጀት ስም የሌለው ትልቅ ሸራና ሥራው የተመዘገበ ሠዓሊ ትንሽ ሥራ ቢቀርቡልዎ፣ ንብረት ከፈለጉ ትንሹን ይውሰዱ። ባለ ሦስት ሜትር ግድግዳ መሙላት ከሆነ ሐሳብዎ ትልቁን ይግዙ፤ መልሼ እሸጠዋለሁ ብለው ግን አይቁጠሩ።

ፊርማና ወረቀት

ፊርማ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። የፊርማው ቀለም በአሮጌው ቀለም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከፈሰሰ፣ የተፈረመው ሥዕሉ ካረጀ በኋላ ነው። በጨለማ ክፍል የብር ኖት መፈተሻውን ሐምራዊ መብራት ያብሩበት፦ አሮጌ ቫርኒሽ ወደ አረንጓዴ ያበራል፣ በላዩ የተደረገ አዲስ ጥገና ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቫርኒሽ በሌለው አዲስ ሥዕል ላይ ይህ ፈተና ብዙም አይረዳም።

በሕይወት ካለ ሠዓሊ የሚገዛ ሰው ዕድለኛ ነው። የሥዕሉን ፎቶ፣ ርእስ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ልክና የቀለም ዓይነት የያዘ ወረቀት በዚያው አስፈርሞ ይወስዳል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት፣ ዛሬም በስማቸው ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሠዓሊ ከሆነ፣ የተመረቀበትን ዓመትና የተሳተፈባቸውን ዐውደ ርእዮች ማጣራት አይከብድም። እንደ አፈወርቅ ተክሌ ወይም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያለ በሕይወት የሌለ ታላቅ ስም ሲጠራልዎ ግን ከሠዓሊው እስከ ሻጩ ድረስ ሥዕሉ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ። ሰነድ ከሌለ የስሙን ዋጋ አይክፈሉ፤ ያለ ስሙ የሚገባውን ብቻ ያቅርቡ።

ወደ ውጭ የሚወስዱት ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ሥዕሉ ቅርስ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ስለሚችል፣ ደረሰኙን ይዘው ከበረራው ቀናት ቀደም ብለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ሸራውን ከእንጨቱ አውልቀው የሚጠቀልሉት ከሆነ፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ተጨምቆ ይሸበሸባል፣ ይረግፋልም። የሚጠቀለልበት ቱቦ አፉ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. ስፋት ይኑረው። ድልብ ቀለም ያለበትን ሥዕልና ስድስት ወር ያልሞላውን የዘይት ሥዕል አይጠቅልሉ፤ እነዚህ እንደተወጠሩ በሣጥን መጓዝ አለባቸው፤ የሣጥኑንም ወጪ ከመግዛትዎ በፊት በዋጋው ላይ ይደምሩት።