ጅማ ላይ «የመስታወት ማጣበቂያ» ተብሎ የሚሸጠው የጠብታና የዱቄት ጥምር፦ ቅርጽ ልታቆሙበት ከሆነ አትግዙ

በእጅ የተሠራ የመስታወት ቅርጽ ዋንዛ መቆሚያ ላይ፣ ብረት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ለማቆም ማጣበቂያ የምትፈልጉ ይህን ሳታነቡ ብር አታውጡ። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ተዘርግቶም ሆነ በቴሌግራም የሚቀርበው ጥምር አንድ ትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽና አንድ ብልቃጥ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ነው። ሽፋኑ ላይ «ለመስታወት፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለሴራሚክ» ይላል። ፈሳሹ ከየትኛውም ሱቅ የምታገኙት ሱፐር ግሉ ነው፤ ብዙዎች 502 ብለው የሚጠሩት ራሱ። ዱቄቱ እንደ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ደቃቅ አሸዋ ያለ መሙያ ነው። የጨመራችሁት ገንዘብ ለካርቶኑ ነው።

ሻጩ ፊታችሁ ሁለት የመስታወት ቁራጭ ያጣብቅና ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ድንጋይ ያንጠለጥልበታል። አይወድቅም። ማሳያው ማታለል የለበትም፤ ሱፐር ግሉ ቀጥ ብሎ ሲጎተት በእርግጥ ጠንካራ ነው። ቅርጽ ግን ቀጥ ብሎ አይጎተትም። አቧራ ሲጠረግ ይገፋል፣ ጠረጴዛው ሲነካ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ከሆነ ማጣበቂያውን ከዳር ጀምሮ ይገሸልጠዋል። ሱፐር ግሉ ደርቆ ሲያልቅ ድርቅ ያለ ነው፤ ምንም አይለጠጥም። ስለዚህ ከዳር አንዴ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል።

ሁለተኛው ችግር እርጥበት ነው፤ እዚህ ላይ የጅማ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። የመስታወት ገጽ በተፈጥሮው አልካሊ አለው፤ ላዩ ላይም ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን አለ። ሱፐር ግሉ መስታወት ላይ ቶሎ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቆይቶ የሚለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ በሚሸከምበት ወቅት እርጥበቱ በማጣበቂያውና በመስታወቱ መካከል እየገባ ይዞታውን ይበላዋል። ማሳያው የሚያሳየው የመጀመሪያዋን ደቂቃ እንጂ ክረምቱን አይደለም። በዚያ ላይ ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ከእርጥብ አየር ጋር ተገናኝቶ መገጣጠሚያው ዙሪያ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። ጥርት ያለ መስታወት ላይ ይህ ከሩቅ ይታያል።

ዱቄቱ ክፍተት ይሞላል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሞላው በደረቅና ተሰባሪ ነገር ነው። ፈሳሹና ዱቄቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ጭስም ይወጣል። ፈሳሹ ጥጥ ላይ ከፈሰሰም ቆዳ እስከ ማቃጠል ይደርሳል፤ በጥጥ እንዳትጠርጉት።

ከሐምራዊ ባትሪ ጋር የሚሸጠው በብርሃን የሚደርቅ ማጣበቂያ ይሻላል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። የተላጉ ሁለት ጠፍጣፋና ጥርት ያሉ መስታወቶችን ለማገናኘት ይሠራል፤ ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን። በእጅ የተሠራ ቅርጽ ታቹ እንዲህ እኩል አይሆንም። የመስታወቱ ቀለም ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ውስጥ አይዘልቅም። እንጨት ላይ ደግሞ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ የሰረገው ፈሳሽ ብርሃን ስለማያገኘው እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የሙቀት ሙጫ ለስላሳ መስታወት ላይ ይላጣል፤ የአናጢ ኮላም መስታወት አይይዝም።

ታዲያ ምን ይገዛ? መልሱ ቅርጹ በሚቆምበት ነገር ላይ ይወሰናል። «ምን ላይ ነው የምታቆሙት?» ብሎ ሳይጠይቅ ማጣበቂያ የሚያነሳላችሁን ሻጭ እለፉት። መስታወት በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ያነሰ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲተያይ ደግሞ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ዋንዛ በእርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። መስታወቱና መቆሚያው እኩል ስለማይንቀሳቀሱ መሐላቸው የሚለጠጥ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ሲሊኮን ነው።

ሲሊኮን ሁለት ዓይነት ነው። ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸተው «አሴቶክሲ» መስታወት ላይ በጣም ይይዛል፤ ግን የሚለቀው አሲድ መዳብን፣ ናስን፣ የመስታወትን የጀርባ ብርና ዕብነ በረድን ይበላል። «ኒውትራል» የሚለው ለእንጨትም ለብረትም ይሆናል፤ ለመቆሚያ እሱን ያዙ። ቱቦው ላይ የማለቂያ ቀኑን እዩ፤ የተፋቀ ወይም ተለጣፊ የተደረበበት ከሆነ መልሱት። ጊዜው ያለፈበት ሲሊኮን ሳይደርቅ እንደ ማስቲካ ይቀራል።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጽዳቱ ላይ ነው። በምድጃ የቀለጠ ቅርጽ ታቹ ላይ ነጭ የምድጃ ዱቄት ይቀርበታል፤ ካልተፈተገ ሲሊኮኑ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ መስታወቱን አይደለም። በሳሙና ውሃ ፈትጋችሁ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ወይም በአሴቶን፣ በነጭ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ በጣት አትንኩ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ቅባት ይተዋል። ላምባና ናፍጣም እንዲሁ። ዋንዛው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ቅርጹ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በ80 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ላጡ፤ አለዚያ ቅርጹ ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። የጅማ አናጢ ያምር ብሎ መስታወት እስኪመስል ቫርኒሽ ይደራርባል፤ ማጣበቂያ ግን ውበት አያውቅም።

ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ አትለቅልቁ። ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከዳር ወደ ውስጥ ነው የሚደርቀው፤ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል። ታቹ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ ሙሉ ከተለቀለቀ መሐሉ ከዳር 4 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ በቀን 2 ሚሊ ሜትር ብንቆጥር እንኳ 20 ቀን ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይዘገያል። አየር የሚያልፍበት ክፍተት እየተዋችሁ በመስመር አድርጉት። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲጠበቅ ሦስት የክብሪት እንጨት ዳር ላይ አስገቡ፤ በማግስቱ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ሙሉ። ጨምቃችሁ ሁሉን ካስወጣችሁት ግን የሚለጠጠውን ነገር ራሱን አስወጣችሁት ማለት ነው። 24 ሰዓት አትንኩ፣ 7 ቀን አትጫኑበት።

ቅርጹ ከሥሩ የብረት ዘንግ ካለው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ (ሙጫና ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚሠራ ማጣበቂያ) ይሻላል፤ ለመወፈር ጊዜ ወስዶ 24 ሰዓት የሚጠበቀው። ባለ 5 ደቂቃው እርጥበት ያለሰልሰዋል፣ ፀሐይ ያቢጫዋል። የመቆሚያው ቀዳዳ ከዘንጉ በዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ሁለቱን ክፍል በዓይን አትገምቱ፤ 1 ለ 1 በመጠን የሚል ከሆነ ከፋርማሲ ሁለት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝታችሁ እኩል ለኩ፣ የዕቃውን ዳር እየፋቃችሁ 2 ደቂቃ አማስሉ። ማጠንከሪያውን ማብዛት አያፈጥነውም፤ ለስላሳና ተለጣፊ ያደርገዋል።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ማጣበቂያ ብቻውን በቂ አይደለም። ለሕንፃ መስታወት ተብሎ የተሠራ ሲሊኮን እንኳ ለዘወትር ክብደት የሚሰላው በካሬ ሳንቲ ሜትር 70 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ለ1 ኪሎ 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የሱቁ ተራ ሲሊኮን ከሆነ እጥፉን ስጡት፤ ከሥሩም የብረት መደገፊያ ይኑር።

ቅርጹ ላይ ከመድፈራችሁ በፊት የጠርሙስ ስባሪ አጽድታችሁ የሲሊኮን መስመር አድርጉበት፤ ጥቂት ቀን ከደረቀ በኋላ ጫፉን በምላጭ አስነስታችሁ በጣት ወደ ኋላ ሳቡት። መሐሉ ላይ ተቀዶ ግማሹ መስታወቱ ላይ ከቀረ ጥሩ ነው። እንደ ፕላስተር ሙልጭ ብሎ ከተነሳ ወይ ጽዳቱ ወይ ዕቃው ውሃ አያነሳም። የተረፈውን 7 ቀን ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ድገሙት። ያንን የጠብታ ጥምር ቀድሞ የገዛችሁም የውሃውን ፈተና ስጡት።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትግዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስም ትችላላችሁ። ቀን ሳታሳልፉ ከነማሸጊያው ወደ ሻጩ ውሰዱት፤ እምቢ ካለ የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

በሱፐር ግሉ ያቆማችሁት ካለ ሳይወድቅ አላቅቁት። አሴቶን የነካ ጨርቅ መገጣጠሚያው ዙሪያ ጠምጥማችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አቆዩት፣ ሲለሰልስ በስስ ሽቦ እያዞራችሁ ቁረጡት። እሳት አጠገብ አይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት። የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር አይሞከርም፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አሴቶኑ የመቆሚያውን ቫርኒሽ ስለሚበላው ዙሪያውን አስቀድማችሁ ሸፍኑት።