ስቶሪቦርደር፦ ሥዕል ለማይችል የፊልም ተማሪም ይሆናል
ስቶሪቦርደር ፊልምን ከቀረጻ በፊት በተከታታይ ሥዕሎች (ስቶሪቦርድ) ለማቀድ የሚያገለግል፣ በነጻ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ዋናው ጥንካሬው ሾት ጄነሬተር የሚባለው ክፍል ነው። ባለ ሦስት አውታር ሰዎችን አቁመው፣ ካሜራውን አዙረው፣ የእይታውን ስፋት ሲመርጡ በካሜራው የሚታየው ምስል (ፍሬም) እንደ ሥዕል ወደ ስቶሪቦርዱ ይገባል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ግን ካሜራው በመካከላቸው ያለውን ምናባዊ መስመር እንዳይሻገር ይጠንቀቁ። ከተሻገረ ኤዲት ሲደረግ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ አያስጠነቅቅም።

በማውስ መሳል አድካሚ ነው። ባዶ የፍሬም ገጾችን አትሞ በእርሳስ መሳልና በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስገባት ይሻላል።

ፕሮጀክቱ ሲጀመር የሚጠየቀውን የምስል ምጥጥን (የወርዱንና የቁመቱን ንጽጽር) በችኮላ አይለፉት። በ2.39:1 የተሳለው በ16:9 ሲቀረጽ ከላይና ከታች ያልታሰበ ቦታ ይከፈታል፤ ቡም ማይኩ (ከተዋናዮቹ በላይ በዘንግ የሚያዘው ማይክ) የሚገባውም በዚያ ነው። የእያንዳንዱ ሥዕል ቆይታም በግምት አይሞላ፦ ንግግሩን ጮክ ብሎ አንብቦ በሰዓት መለካት፣ ከዚያ ማጫወት።

በቦታና በብርሃን የተደረደረ የቀረጻ ቅደም ተከተል ግን ከዚህ ሶፍትዌር አይጠበቅም፤ ለእሱ ኤክሴል ይበቃል።