ለቪታ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና፤ ታክስ ሳያሠራ ባለቤቱን ለማምጣት ለተነሳ ሰው ጥቆማ

በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በየማኅበረሰብ ማዕከሉና በየኮሌጁ ጠረጴዛ ዘርግተው አሜሪካ ያለውን ሰው ታክስ በነፃ የሚሠሩትን የቪታ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ የሚደግፈው ፕሮግራም) በጎ ፈቃደኞች ከልብ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልን። ምስጋናዬ የሚበረታው የዘንድሮውን ብቻ ሠርተው ሳያሰናብቱ የአምናውንና የካቻምናውን ጭምር ለሚቀበሉት ነው። ባለቤቱን ከኢትዮጵያ ለማምጣት የጀመረ ሰው የጋብቻ ወረቀቱም፣ ፎቶውም፣ የጉዞ ማስረጃውም ተሟልቶለት ጉዳዩ ባልተሠራ ታክስ ሊቆም ይችላልና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ለባለቤት የሚቀርበው የቤተሰብ ማመልከቻ፣ አይ-130፣ ሲጸድቅ ጉዳዩ ኒው ሃምፕሻየር ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ኤንቪሲ ወደምንለው ይሄዳል። እዚያ ስፖንሰሩ፣ ማለትም ባለቤቱን የሚያመጣው ሰው፣ አይ-864 የሚባለውን የድጋፍ ውል ፈርሞ ያስገባል። ፎርሙ የመጨረሻውን ዓመት የፌዴራል ታክስ በግድ ይፈልጋል፤ ያለፉት ሦስት ዓመታት መግባታቸውንም ይጠይቃል። መመሪያው ላይ ምንም ብዥታ የለም፦ ማስገባት እየነበረበት ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያላስገባ ስፖንሰር መጀመሪያ የዘገየውን ያስገባል፣ ማስገባቱን የሚያሳይ የአይአርኤስ ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገብ ማጠቃለያ) ያያይዛል፣ ከዚያ ነው አይ-864ን የሚልከው። እዚሁ አሜሪካ ሆና ግሪን ካርድ ለምታመለክት ሚስትም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚለው ደብዳቤ የሚመጣው ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከዩኤስሲአይኤስ መሆኑ ነው። ኤንቪሲ ያሳለፈውን ጉድለት ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ኢምባሲ በቃለ መጠይቁ ቀን 221(ጂ)፣ ማለትም ማስረጃው አልተሟላም፣ ብሎ ሊያቆመው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚደባልቀው ነገር አለ። አይ-864 የሚመለከተው ታክሱ መግባቱን ነው እንጂ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን አይደለም። ታክሱን አስገብቶ ለአይአርኤስ ገንዘብ የቀረበት ስፖንሰር ዕዳው ብቻውን የባለቤቱን ወረቀት አያስቆምበትም። ያላስገባ ግን፣ አንድ ሳንቲም ባይኖርበትም፣ እንዲያውም ተመላሽ የሚጠብቀው ቢሆንም፣ ይቆማል። "ዕዳ ይመጣብኛል" ብሎ መሸሽ ዕዳውንም ያሳድገዋል። ሳያስገቡ መቆየት በየወሩ ያልተከፈለውን ታክስ 5 በመቶ ያስቀጣል፣ ጣሪያው 25 በመቶ ነው፤ አለመክፈል በየወሩ ግማሽ በመቶ ነው። ሁለቱ በአንድ ወር ሲገጣጠሙ የመጀመሪያው ወደ 4.5 ይወርዳል። 3,000 ዶላር የነበረ ታክስ 10 ወር ዘግይቶ ቢገባና በዚያው ጊዜ ቢከፈል ቅጣቱ 825 ዶላር ይሆናል፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ያስገባ ሰው በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል መጠየቅ ይችላል፤ ዕዳው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ማመልከቻውን በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ራሱ ይሞላል። ከተቀጣበት ዓመት በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑ የመጀመሪያው ቅጣት እንዲነሳለትም መጠየቅ ይችላል፤ ይህን የማይጠይቅ ሰው መብዛቱ ያሳዝነኛል። ተመላሽ ያለው ሰው ቅጣት የለበትም፣ ግን ተመላሹን የሚጠይቅበት ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የ2021 ታክስ ተመላሽ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 ላይ ተዘግቷል።

ዜግነት ሲመጣ ጥያቄው ይሰፋል። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ጊዜው ያለፈ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የከተማ የታክስ ዕዳ እንዳለባችሁ፣ ነዋሪ አይደለሁም ብላችሁ ታክስ ሳታስገቡ የቀራችሁበት ጊዜ እንዳለም ይጠይቃል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ ባለቤቱን የሚያመጣ ሰው ፌዴራሉን ሲያሠራ የሜሪላንዱን፣ የቨርጂኒያውን ወይም የዲሲውን አብሮ ያሠራ፤ ዕዳ ካለም የክፍያ ስምምነቱን ደብዳቤ ያስቀምጥ።

"ገቢዬ ትንሽ ስለነበር ማስገባት አልነበረብኝም" የሚል ደብዳቤ ማያያዝ ይቻላል፣ ፎርሙ ይፈቅዳል። ችግሩ ላገባ ሰው ብዙውን ጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው። በ2024 ከ65 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ሰው የማስገባት ግዴታው የሚጀምረው 14,600 ዶላር ላይ ነው። ባለትዳር ሆኖ ለብቻው ለሚያስገባ ሰው ግን 5 ዶላር ላይ። አምስት ዶላር! በራሱ ሥራ ለሚተዳደር ደግሞ የተጣራ 400 ዶላር ይበቃል። ዲሴምበር 31 ላይ ሚስቱ አዲስ አበባ የነበረች፣ ቤቱ የሚያሳድገው ልጅም የሌለው ሰው ከመጋዘን ሥራ 12,000 ዶላር አግኝቶ "አልነበረብኝም" ብሎ ቢፈርም፣ የፈረመው በሐሰተኛ ቃል በሚያስጠይቅ ሰነድ ላይ ነው።

የቪታን አሠራር የማከብርበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ሄዶ አግብቶ የተመለሰ ሰው "ሚስቴ እኮ እዚህ የለችም" ብሎ ሲንግል ሆኖ ያሠራል። አይ-130 ላይ ያገባ፣ ታክሱ ላይ ያላገባ ይሆናል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ የቆንስላ ሠራተኛ ትዳሩን ይጠራጠራል። ቪታ ጋ ሥራው ከመጀመሩ በፊት 13614-ሲ የሚባል መጠይቅ ይሞላል፤ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ያገባችሁ ነበራችሁ ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ አለ። አንዱ በጎ ፈቃደኛ የሠራውን ሌላው ከመጠይቁ ጋር እያመሳከረ እንደገና ያየዋል። ይህ ሁለተኛ ዓይን ከፍለን በምናሠራበት ቦታ ሁሉ አይገኝም።

ሲንግል ተብሎ የገባ ታክስ በማስተካከያው ቅጽ በ1040-ኤክስ ይስተካከላል። ወደ ምን? ባለቤቱ ገና ካልመጣች አብዛኛውን ጊዜ ባለትዳር ሆኖ ለብቻ ማስገባት ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ቦታ ላይ ነዋሪ አለመሆኗን የሚገልጹት ኤን፣ አር፣ ኤ የሚሉት ፊደላት ይጻፋሉ። ከግማሽ ዓመት በላይ አብሮት የኖረ ልጅ እያስተዳደረ ያለ ሰው የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ማስገባት ሊፈቀድለት ይችላል። በጋራ ለማስገባት ግን ሚስት እንደ ነዋሪ እንድትቆጠር ሁለቱም የፈረሙበት መግለጫ፣ የታክስ መለያ ቁጥር መጠየቂያው ደብልዩ-7 ቅጽና የፓስፖርት ማስረጃ በወረቀት ይላካል፤ አገር ቤት የምታገኘው ደመወዝም ይገባበታል። ታክሱን ሊቀንሰው ይችላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። አይ-864 የቸኮለበት ሰው መጀመሪያ ለብቻው አስገብቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ጋራ ቢቀይረው ይሻላል ባይ ነኝ። በጋራ ያስገባ ሰው ግን የማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ወደ ለብቻ መመለስ አይችልም።

ጥገኛ ማስመዝገብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ፣ ኢትዮጵያ የሚኖሩ እናትና ወንድሞች ገንዘብ ስለምትልኩላቸው ብቻ ታክስ ላይ ጥገኛ አይሆኑም። በትክክል የተመዘገበ ጥገኛም ቢሆን አይ-864 ላይ የቤተሰብ ቁጥርን ይጨምራል፣ የሚፈለገውን ገቢም ከፍ ያደርጋል። በ2025 የድህነት ወለል ሠንጠረዥ መሠረት ስፖንሰሩና ባለቤቱ ሁለት ብቻ ከሆኑ የሚፈለገው የወለሉ 125 በመቶ 26,437 ዶላር ነበር፤ ሦስት ሲሆኑ 33,312፣ አራት ሲሆኑ 40,187። ከእናታቸው ጋር ሌላ ቤት የሚኖሩ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችም ይቆጠራሉ።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ክፍል ረጋ ብለው ያንብቡት። የሚታየው በመተግበሪያው ላይ የሚነበበው ጠቅላላ ገቢ ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። በ2024 ተሳፋሪ የከፈለው 58,000 ዶላር ቢሆን፣ ድርጅቱ 14,000 ቢወስድ፣ ለሥራ የተነዳው 30,000 ማይል አይአርኤስ ለዚያ ዓመት በማይል በፈቀደው 67 ሳንቲም ሲባዛ 20,100 ይሆናል፤ የሚቀረው 23,900 ነው። ከ26,437 በ2,537 ዶላር ያንሳል። ደንግጦ ወጪ መደበቅ ወይም ያልተሠራ ሥራ መፍጠር መፍትሔ አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ስፖንሰር ለባለቤቱ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 7,611 ዶላር የባንክ ቁጠባ ቢያሳይ ክፍተቱ ይሞላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ አምስት እጥፍ፣ 12,685 ነው። አብሮት የሚኖር ገቢ ያለው ዘመድ በአይ-864ኤ ሊያግዘውም ይችላል። ለአይ-864 ሲባል 27,000 ዶላር የፈጠራ ገቢ የሚያስገባ ሰው ከማጭበርበሩ ሌላ 3,815 ዶላር የራስ ሥራ ታክስ በራሱ ላይ ይጭናል፤ ሦስት ዓመት በአንድ ሳምንት ገብቶ ገቢው ሁሉ ማስረጃ የሌለው ጥሬ ገንዘብ ሲሆን መርማሪው ዝም ብሎ አያልፈውም።

"ሌላ ስፖንሰር አለኝ" የሚለውም አያድንም። ተጨማሪ ስፖንሰር የገቢ ጉድለትን ይሞላል እንጂ ዋናውን አመልካች ከአይ-864 አያወጣውም። አመልካቹ የራሱን ፎርም ከነታክሱ ማስገባቱ ግዴታ ነው፤ ያልተሠሩት ዓመታት እዚያው ይወጣሉ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ በአይአርኤስ የመስመር ላይ አካውንት ወይም በ4506-ቲ ቅጽ የየዓመቱን የደመወዝና ገቢ ትራንስክሪፕት አውጡ። አሠሪዎች የላኳቸው ደብልዩ-2 (የዓመቱ ደመወዝ ወረቀት) እና 1099 (የሌላ ገቢ ወረቀት) ሁሉ እዚያ ይታያሉ፤ የጠፋ ወረቀት ፍለጋ የድሮ አለቃ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፦ ለስቴት የተቆረጠው ታክስ አይታይበትም፤ ለስቴቱ አሠሪው የሰጠው ዋናው ደብልዩ-2 ቢገኝ ይመረጣል። የዘንድሮውና ያለፉት ሁለት ዓመታት በኮምፒውተር ይላካሉ፣ ከዚያ የቆየው ተፈርሞ በፖስታ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን ዓመት በየራሱ ፖስታ አድርጋችሁ መድረሱ በሚረጋገጥ መንገድ ላኩ። በኮምፒውተር የገባው ብዙውን ጊዜ በሁለትና ሦስት ሳምንት ትራንስክሪፕት ላይ ይወጣል፤ በፖስታ የሄደው ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የኮምፒውተሩ መላኪያ ኖቬምበር ላይ ለጥገና ተዘግቶ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አይከፈትም፤ ጉዳዩ ኤንቪሲ የደረሰ ሰው ይህን ክፍተት አስቀድሞ ያስላ።

ትራንስክሪፕት ካያያዛችሁ ደብልዩ-2 መጨመር አያስፈልግም፤ በጋራ አስገብታችሁ በአንዳችሁ ገቢ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ ግን ይጨመራል። የራሳችሁን የታክስ ቅጂ የምትልኩ ከሆነ ሁሉም ገጽ፣ ሁሉም አባሪ፣ ሁሉም ደብልዩ-2 ይኑር።

ቪታ ሁሉን አይሠራም። ኪሳራ ያሳየ የግል ሥራ፣ ሠራተኛ የቀጠረ ወይም ከ35,000 ዶላር በላይ ወጪ ያለበት ከአቅማቸው ውጭ ነው፤ የገቢ ጣሪያቸውም በ2025 ወቅት 67,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ለሆነ ኢንሮልድ ኤጀንት (የአይአርኤስ ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ) ወይም ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ፈልጉ። የሚሠራላችሁ ሰው ፈርሞ ፒቲን የሚባለውን የታክስ ሠሪነት ቁጥሩን የማይጽፍ ከሆነ፣ ወይም ዋጋውን ከተመላሻችሁ በመቶኛ የሚጠይቅ ከሆነ ተነስታችሁ ውጡ። አይአርኤስ ደብዳቤ ልኮ ክርክር ውስጥ ለገባ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የግብር ከፋዮች ክሊኒኮች፣ ኤልአይቲሲ የሚባሉት፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቆሙለታል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚኖር ስፖንሰርም የዓለም ገቢውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሳያውቅ ለቆየ ሰው የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት የባንክ ሪፖርት የሚያስገባበት የተለየ መንገድ ስላለ ይህን ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጠው።

ቅርባችሁ ያለውን ቪታ ለማግኘት 800-906-9887 ይደውሉ፤ የአረጋውያኑ ማኅበር የኤኤአርፒ ታክስ-ኤይድ ጣቢያዎችም በነፃ ይሠራሉ። ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ያለፉ ዓመታትን ትሠራላችሁ ወይ፣ የትኞቹን ዓመታት፣ አማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል ወይ። ሁሉም ጣቢያ የቆየ ዓመት አይቀበልም፤ የሚቀበሉትም ኤፕሪል 15 ካለፈ በኋላ ሰፋ ያለ ጊዜ ይኖራቸዋል። ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ የቤተሰቡን ሁሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የየዓመቱን ትራንስክሪፕት፣ የባንክ ቁጥር፣ ሾፌር ከሆናችሁ የማይል መዝገብና የድርጅቱን ዓመታዊ ማጠቃለያ ያዙ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ቅጂም አትርሱ፤ ታክስ ለመሥራት አይጠየቅም፣ ነገር ግን የጋብቻው ቀን በየትኛው ዓመት እንደሚውል በእጅ ይዞ ማሳየት ለበጎ ፈቃደኛውም ሥራውን ያቀልለታል።