የሞተር ዘይት ለናፍጣ መኪና፦ 15ደብሊው-40 ወይስ ነጠላ 40?

ሞተሩ ከጋለ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የውፍረት ደረጃቸው አንድ ነው። ስለዚህ «ለኮምቦልቻ ሙቀት ነጠላ 40 ይሻላል» የሚባለው አያስኬድም። ልዩነቱ ማለዳ ነው። 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ በኅዳር ብርድ፣ ነጠላ 40 ይወፍርና ፓምፑ ወደ ላይ እስኪገፋው ይዘገያል፤ ክራንክሻፍቱና ቱርቦው ለጥቂት ሰከንድ በቂ ዘይት ሳያገኙ ይዞራሉ። 15ደብሊው-40 ቶሎ ይደርሳል፤ የዋጋው ልዩነት ቱርቦ አይገዛም።

አቀያየሩ ግን አንድ ነው፦ ሞተሩን 10 ደቂቃ አሙቁ፣ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ፣ የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ አጥብቁ። አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ዘይቱ በግፊት ይረጫል፤ አለመቅረቱን ሳታዩ አዲሱን አትግጠሙ። በማግስቱ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የናፍጣ ጥላሸት ነው። ዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) ላለው መኪና አነስተኛ አመድ ያለው፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያዘዘው ዘይት ብቻ።